ጨረቃዋን ተዋት

አሶሳ
ግንቦት 19 ቀን 1988 ዓ.ም.

ለምወድህም ለተቀየምኩህም አባቴ፣ ለአበጀ፤

እንዴት ከርመሃል? እኔና እማዬ ደህና ነን። ዝናቡ ዘንድሮ ቀድሞ ገብቶ የሰፈራ አምባችን ከአሁኑ ጭቃ ሆኗል። ማሽላችንን በጊዜ ዘርተናል፤ ቀይዋ ላምም ወልዳለች። ሰላምታውን እዚህ ላይ አሳጥረዋለሁ። የምጽፍልህ ተናድጄ ነው፤ የተናደደ ሰው ደግሞ ሰላምታ ሲያንዛዛ ያስቃል።

ያናደድከኝ አንተ ብቻ አይደለህም። ኮሚቴው አናዶኛል፣ የአምባችን ሽማግሌዎች አናደውኛል፣ መምህር ምንያህልም ሳይቀር አናዶኛል። ግን የነገሩ ሁሉ መነሻ ያንተ ሁለት መስመር ዘፈን ስለሆነ ከሥሩ ላጫውትህ። እስከ መጨረሻው አንብበው። የሚያነብልህ ሰው ካለ ደግሞ ደብዳቤውን ተቀብለህ ራስህ አንብበው፤ ፊደል እንደማትረሳ አውቃለሁ።

አንተ መንግሥት በተለወጠ ጊዜ፣ አምባው ግማሽ በግማሽ ተነቅሎ ወደ ወሎ ሲመለስ፣ «ቀድሜ ቤት ላዘጋጅና እጠራችኋለሁ» ብለህ ስትሄድ እኔ ስምንተኛ ክፍል ነበርኩ። አሁን አሥራ ሁለተኛን ጨርሻለሁ። ማትሪክ አልመጣልኝም። እቤት ቁጭ ብዬ ስብሰለሰል፣ አዲሱ ክልል ለኪነት ቡድኑ ድምፃዊ ይፈልጋል ሲባል ሄጄ ተፈተንኩና አለፍኩ። እዚህ እኮ ሁሉም ነገር አዲስ ነው፤ ቢሮው አዲስ፣ ማኅተሙ አዲስ፣ ሰዉም ገና ማን የት ወንበር ላይ እንደሚቀመጥ አልለየለትም። እኛ ግን የምንጫወተው ከደርግ ጊዜ ኪነት በተረፈ አምፕሊፋየር ነው፤ ሲሞቅ ያጉረመርማል፣ ሲብስበት ዝም ይላል።

መምህር ምንያህል ከአዲስ አበባ ተመድቦ የመጣ የፊዚክስ አስተማሪ ነው። ሲመጣ ልብሱን በፌስታል፣ ካሴቱን ግን በካርቶን ጠቅልሎ፣ በትከሻው ላይ ኤሌክትሪክ ጊታር አንግቦ ነው አሉ የወረደው። ቢሮው ለመነውና ከትምህርት ቤት ሲወጣ እኛን ያሠለጥናል። ያመጣው ሙዚቃ ሮክ ይባላል። መጀመሪያ ቀን ስሰማው ጀነሬተሩ የተበላሸ መስሎኝ ወደ ውጭ ወጥቼ ነበር። ሁሉም ሳቁብኝ። ከሁሉ በላይ የሳቀው ሻዕባን ነው። ሻዕባን የዚሁ የአሶሳ ልጅ፣ የበርታ ብሔረሰብ ተወላጅ ነው። ጦርነቱ ሲመጣ ከእናቱ ጋር ሱዳን ተሰዶ፣ እዚያው ጊታር ለምዶ ተመለሰ። በአማርኛ ሲናገር ቀስ ይላል፤ በጊታር ግን ማንም አይቀድመውም።

አንድ ቀን ምንያህል አንድ ካሴት አጫወተንና አንዲት መስመር ላይ ሲደርስ አጠፋው። ከዚያ ሌላ ካሴት ከተተ። የቆየ፣ አንድ ሽማግሌ ያችኑ መስመር በአንድ ጊታር ብቻ የሚያንጎራጉርበት ነው።

«ሰማችሁ?» አለን። «ያ የሚጮኸው ዘፋኝ ያችን መስመር የወሰዳት ከዚህ ከሽማግሌው ነው።»

«ሰርቋት ነዋ» አልኩ።

«አይደለም። የሰረቀ ሰው ይደብቃል። እሱ ግን ሰው እንዲያውቅበት ብሎ ነው የከተታት። የድሮውን ዘፈን የሚያውቅ ሰው ያችን መስመር ሲሰማ ጆሮው ይቆማል። ጆሮው ከቆመለት በኋላ ልጁ የራሱን ነገር ይነግረዋል። ወይ ይስማማዋል፣ ወይ ይሟገተዋል። ሮክ ጩኸት ብቻ እንዳይመስላችሁ፤ ከቀደመው ዘፈን ጋር የሚጨቃጨቅ ልጅ ነው።»

ሻዕባን ራሱን ነቀነቀና፣ «እኛ ጋ ዙምባራም እንደዛ ነው» አለ። ዙምባራ በሠርግና በበዓል የሚነፉት ረጃጅሙ መለከት ነው፤ ታስታውሰዋለህ፣ ገበያ ዳር ቆመን እናይ ነበር። «አንድ ሰው አንድ ድምፅ ብቻ ነው ያለው። ሌላው ካልመለሰ ዘፈን የለም።»

ያን ቀን ወደ ቤት ስመለስ መንገዱን ሁሉ ያንተ ዘፈን በአፌ ላይ መጣ። ከወሎ ስንመጣ በዚያ የጭነት መኪና ላይ እያለቀስኩ አላስቀምጥ ስልህ፣ በጋቢህ ጠቅልለህ በጆሮዬ ያንጎራጎርክልኝ፦

ጨረቃን ጠይቋት የት እንደደረስን፤
መንገድ አያውቀንም፣ በጨለማ አለፍን።

«ይሄ ያንቺ ነው» አልከኝ። «ለማንም አልሠራሁትም፣ ላንቺ ነው የሠራሁት።» አምባው ውስጥ በኋላ ሁሉም ሰው ለመደው፤ ሴቶቹ ሲያርሙ፣ ወንዶቹ እንጨት ሲጭኑ ይሉታል። እኔ ግን በሰማሁት ቁጥር «የኔን ዘፈን ተውሰው ነው» እያልኩ እኮራ ነበር። ልጅነት ነው።

በበነጋው ለሻዕባን ዘፈንኩለት። ደጋግሜ እንድለው ጠየቀኝና ዜማውን በጊታሩ ላይ አገኘው። «አሁን አንቺስ ምን ትላለህ?» አለኝ። አማርኛው አንዳንዴ እንዲህ ይቀላቀላል። ምን እንደምል አላውቅም ነበር። ሳምንቱን ሙሉ ስጽፍ ስሰርዝ ቆየሁና ይቺ መጣች፦

ጨረቃዋን ተዋት፣ እኔን ጠይቀኝ፤
መንገድ ባያውቀኝም አገሩ አወቀኝ።

አባባ፣ ያኔ ስጽፈው ማንንም ለመንካት አልነበረም። ያደግኩት እዚህ ነው። ጥርሴን የነቀልኩት፣ ፊደል የቆጠርኩት፣ ወባ ይዞኝ የዳንኩት እዚህ ነው። አንድ ሰው የት ደረስሽ ቢለኝ ሰማይ ሰማይ የማይበት ምክንያት የለኝም። ያልኩት ይህንኑ ነው።

ሻዕባን ደግሞ በሁለቱ መሀል የእናቱን ዘፈን አስገባ። ከሱዳን ሲመለሱ ወንዙን ሲሻገሩ ሴቶቹ በበርታ ቋንቋ ያዜሙት የነበረ ነው። ሲተረጉምልኝ፣ «ወንዙ አሻገረን፣ ስማችንን ግን አልጠየቀም» ማለት ነው አለኝ። መጀመሪያ ያንተን ቀስ ብዬ፣ ያለ ከበሮ እላለሁ። ከዚያ ሻዕባን የእናቱን ይላል። ከዚያ ድራሙ ይፈነዳና የኔን እጮኻለሁ። ምንያህል ሰምቶ ሲጨርስ መነጽሩን አውልቆ በሸሚዙ ጠረገው። «ሮክ ማለት ይሄ ነው» አለ። ከዚያ ቀን የተሻለ ቀን አላየሁም።

እማማ ኑራ፣ የሻዕባን እናት ማለት ናቸው፣ ከገበያ ሲመለሱ ልምምድ ላይ ደረሱብን። በሩ ላይ ዘንቢላቸውን እንደያዙ ቆመው ሰሙና ቀጥ ብለው ወደኔ መጡ። እማማ ኑራ በአማርኛ ሴትና ወንድ አይለዩም፤ ሁላችንም «አንተ» ነን።

«አንተ ልጅ፣ ይሄ ዘፈን የኛ ነው። ማን ሰጠ?»

«ልጅዎ ነው የሰጠን፣ እማማ። ይከፋዎታል?»

«አይከፋም። ግን ልክ አይደለም። ሻዕባን ብቻውን ይላል። ይሄ ብቻህን አይባልም። ወንዝ ላይ ብቻህን ከዘፈነ እዛው ትቀራለህ። አንድ ይላል፣ ሌላ ይመልሳል።» ትንሽ አሰቡና፣ «ያንተ እናት የት ነው? እሱ ይምጣ፣ ይመልስ» አሉኝ።

«እናቴ አትዘፍንም። ድሮ ነበር። አባቴ ከሄደ ወዲህ ትታዋለች።»

«አባት ሄደ፣ የእናት ድምፅ ይዞ ሄደ?»

በዚያም አላበቁም፤ የአምባችንን መንገድ ጠይቀው በሌላው ቀን እማዬ ዘንድ ሄዱ። ምን እንደተጫወቱ አላውቅም። የጋራ ቋንቋቸው እፍኝ አይሞላም። ከዚያ ወዲህ ግን ገበያ አብረው ይወርዳሉ።

ከዚህ በኋላ ያለው ነው ያናደደኝ።

ለክልሉ በዓል ሁሉም ቡድን ሥራውን አስቀድሞ ለዝግጅት ኮሚቴው ያቀርባል ተባለ። አቀረብን። ሰብሳቢው አቶ ረጀብ ክፉ ሰው አይደሉም፤ ረጋ ያሉ፣ ራሳቸውም በስደት የኖሩ ናቸው። የከበደን ግጥሙን በወረቀት አስቀምጠው ቃል በቃል ማንሳታቸው ነው።

«ይቺ ጨረቃ ማን ናት?» አሉኝ።

«ጨረቃ ናት፣ አቶ ረጀብ።»

«የሰማይዋ?»

«የሰማይዋ።»

«'ተዋት' ስትይ ግን ሰው የሃይማኖት ነገር አድርጎ ቢወስደውስ? በመስጊድ ላይ ያለችውን ቢመስለውስ?»

ከጎናቸው የተቀመጠው ወጣት ደግሞ፣ «በጨለማ አለፍን የሚለው ያለፈውን ሥርዓት ነው ወይስ የአሁኑን?» አለ።

«ማለፍ ነው» አልኩት። «ማታ ነበር። መኪናው መብራቱ አንድ ብቻ ነበር።»

ሻዕባን ሳቁን ሊይዝ ሲል ሳለ። እኔ አልሳቅሁም። ምክንያቱም አቶ ረጀብ ጣታቸውን በመጨረሻዋ መስመር ላይ አሳረፉ።

«'አገሩ አወቀኝ።' ይቺ ናት አስቸጋሪዋ። ልጄ፣ እኔ ግጥሙን አልጠላሁትም። ግን አገሩ የማን ነው የሚል ጥያቄ በየስብሰባው እየተነሳ ባለበት ሰዓት፣ የሰፋሪ ልጅ መድረክ ላይ ወጥታ አገሩ አወቀኝ ስትል፣ የሚቆጣ ይኖራል። በማግስቱ የሚጠየቀው ደግሞ እኔ ነኝ።»

«የሚቆጣው ሰው አገሩ አያውቅሽም ሊለኝ ነው?»

ወረቀቱን አጠፉት። ማጠፋቸው ከማንኛውም መልስ በላይ አቃጠለኝ።

አንተ ደግሞ የኛ ሰዎች ይሟገቱልኛል ብለህ ታስብ ይሆናል። እኔም አስቤ ነበር። ሽማግሌዎቹ ጠርተውኝ በዋርካው ሥር አቁመው ገሠጹኝ። «በዚያ ዘፈን ስንት ሰው ቀብረናል። አንቺ ደርሰሽ 'ጨረቃዋን ተዋት' ትያለሽ? አገራችሁን እርሱ ማለትሽ ነው? በዚያ በሚያንቋርር ብረት ላይ የአባቶችሽን ለቅሶ ታስጨፍሪበታለሽ?» አሉኝ። አስበው እንግዲህ! አንዱ አገሩን ልትወስጂ ነው ይለኛል፣ ሌላው አገርሽን ጣልሽ ይለኛል፤ ሁለቱም በአንዲት መስመር። ከአንደኛቸው ጋር እንኳ ብስማማ ደስ ባለኝ ነበር። «ዘፈኑ እኮ የኔ ነው፤ አባቴ ለኔ ነው የሠራው» አልኳቸው። አንዱ ሽማግሌ አዘነልኝ መሰለኝ ቀና ብሎ አየኝና መልሶ አቀረቀረ። ያኔ አልገባኝም።

ኮሚቴው ሁለተኛ ሲጠራን አንድ አዲስ ሰው ተቀምጦ አገኘን። ሱለይማን ይባላል፤ የባህል ባለሙያ ነው፣ የወሎ ሰው፤ ሥራ ተመድቦ ከመጣ ዓመት አልሞላውም። ግጥሙን አነበበና፣ «ይህ የፖለቲካ ነገር አይደለም» አለ። «እኛ አገር ሰው ልጁን ሲያባብል ይለዋል። እንዲያውም ባለፈው ክረምት ቤተሰብ ልጠይቅ ሄጄ በጆሮዬ ሰምቼዋለሁ።»

ደስ አለኝ። ዳነልኝ ብዬ ነበር። አቶ ረጀብ ግን፣ «የአባትዋ መስመር ችግር የለውም፤ ችግሩ የልጅቷ መልስ ነው» አሉና ወሰኑ። ጊታሩ ይቀጥል፣ በርታውም ይባል፣ የአማርኛው ቃል ግን፣ ያንተ መስመር የኔን መልስ ስለሚያስታውስ፣ ያንተም የኔም ይውጣ።

«ያ ቦታ ሲደርስ ታዲያ ምን ልበል?» አልኩ።

እዚህ ላይ ምንያህል፣ የኔው መምህር፣ «በዜማ ብቻ ላ ላ ላ ብትይውስ?» አለ። እሱ እኮ ነው ዘፈን ይሟገታል ብሎ ያስተማረኝ! ፊቴን ሲያይ ደነገጠና፣ «ዘፈኑ ጨርሶ ከሚቀር ብዬ ነው፣ ሸዋሉል» አለኝ። ለመልካም እንዳሰበው አውቃለሁ። ግን እስካሁን ድረስ «ላ ላ ላ» ሲል ድምፁ ይሰማኛል።

ሻዕባን ተነሳ። «የሷ ቃል ከወጣ የእናቴም ይወጣል» አለ። «ወንዙን አንድ ሰው ብቻውን አይሻገርም።» አቶ ረጀብ ሊያባብሉት ሞከሩ፤ እምቢ አለ። ስለዚህ ሦስቱም ቦታ ላይ ዝምታ፣ ጊታር ብቻ እንዲሆን ተወሰነና ወጣን።

በረንዳው ላይ ሱለይማንን ደርሼ አስቆምኩት። ላመሰግነው ነበር። ከዚያ ደግሞ ማን ሲዘፍነው እንደሰማ ማወቅ ፈለግሁ፤ ያንተ ዘፈን እዚያ ድረስ ደርሶ እንደሆን ብዬ እንጂ ሌላ ነገር አልጠረጠርኩም።

«ሐይቅ አካባቢ ነው» አለኝ። «አንድ ገበሬ። ከሰፈራ የተመለሰ ነው አሉኝ። ግራ እጁ ላይ ሁለት ጣት የለውም። ደጁ ላይ ተቀምጦ ትንሽ ልጁን ጭኑ ላይ አድርጎ ሲዘፍንላት ደስ ብሎኝ ቆምኩ። ግጥሙ የማን ነው ብለው 'የራሴ ነው፣ ለዚች ነው የሠራሁት' አለኝ።»

እኔ እዚያው ቆሜ ነበር፣ አባባ። እነዚያ ጣቶችህ የቀሩት በአምባው የእንጨት መሰንጠቂያ ላይ ነው፤ ደሙን ያጠበችው እማዬ ናት።

«ምነው፣ ታውቂዋለሽ?» አለኝ።

«አላውቀውም» አልኩት።

ያልኩት ይህንን ነው። አላውቀውም። ከዚያ ወደ ልምምድ ተመልሼ እስኪመሽ ድረስ «ላ ላ ላ» ስል ዋልኩ፤ ድምፄ እስኪዘጋ። ሻዕባን ምን ሆንሽ ቢለኝ ጉንፋን ነው አልኩት። ለእማዬም ምንም አልነገርኳትም። እንዴት ብዬ? በየዓመቱ ከወዲያ የመጣ ሰው ሁሉ «አበጀ ሊጠራችሁ ነው» እያለ በሚነግራት ቤት ውስጥ?

የበዓሉ ቀን ሜዳው ሞልቶ ነበር። ከየወረዳው ሰው መጥቷል። ዙምባራ የሚነፉት ሰዎች ከኛ በፊት ወጥተው ምድሩን አናወጡት። ሰማዩ ጠቁሮ ስለነበር ምንያህል አምፕሊፋየሩን በላስቲክ ሸፍኖ ዝናብ እንዳይመጣ ይማጸን ነበር። እማዬ እንደማትመጣ ነግራኝ ነበር። ከመድረኩ ስመለከት ግን ሦስተኛው ረድፍ ላይ ከእማማ ኑራ ጎን ተቀምጣለች፤ እማማ ኑራ እጇን ይዘዋታል፣ እንዳትነሳ ይመስል።

ዘፈኑን በድራም መግቢያ ጀመርን። ሕዝቡ ድራሙን ወደደው፤ ልጆቹ ይዘላሉ። ከዚያ የተከለከለው ቦታ ደረሰ። ድራሙ ቆመ። ሻዕባን ያንተን ዜማ በጊታር ቀስ አድርጎ ጀመረው። እኔ ማይኩን ይዤ አፌን ዘግቼ ቆምኩ። አፍን ዘግቶ ሕዝብ ፊት መቆም ምን ያህል እንደሚያሳፍር ልነግርህ አልችልም። ራቁትነት ነው። «ላ ላ ላ»ውንም እንኳ እምቢ አልኩ።

በዚህ መሀል አንድ ድምፅ ሰማሁ። ከማይክ አይደለም። ቀጭን፣ የሻከረ፣ ከቦታው ትንሽ የዘገየ። እማዬ ናት። ዓይኗን ጨፍና፣ «ጨረቃን ጠይቋት» እያለች ነው። ከጊታሩ በቀር ማንም አላጀባትም። የአምባችን ሰዎች ዘወር ብለው አዩዋት እንጂ አብረው አላሉም። ብቻዋን ጨረሰችው። ልክ ስትጨርስ እማማ ኑራ በራሳቸው ቋንቋ መለሱላት። የሻዕባን ጣት ለአፍታ ተሳሳተ፤ ከዚያ ይዞ አጀባቸው። ከሦስተኛው ረድፍ ጀርባ ያለ ሰው የሰማቸው አይመስለኝም። ባለሥልጣኖቹ የተቀመጡበት ድንኳን ድረስማ ጨርሶ አልደረሰም። እኔ ግን ሰማሁ። ከዚያ ድራሙ ፈነዳና የኔ ቦታ ሲደርስ ልጮኸው አፌን ከፈትኩ፤ ቃሉ ግን አልወጣልኝም። ከልክለውኝ አይደለም። እያለቀስኩ ነበር።

ከመድረክ ስንወርድ አቶ ረጀብ መጥተው ጨበጡን። «አያችሁ?» አሉ ደስ ብሏቸው። «ያለ ቃሉ ይበልጥ አማረ።»

አመሰገንኩና ሄድኩ። ይህን ስጽፍ እንኳ ጥርሴን እያፋጨሁ ነው።

ወደ አምባ በእግራችን ስንመለስ እማዬ ከፊቴ ከፊቴ ትሄድ ነበር። ካፊያ ነበር። ከዚያ እንዲሁ፣ የዕቃ ዋጋ እንደምትጠይቅ ሁሉ፣ «ልጅቷ ስሟ ማን ነው?» አለችኝ።

«የቷ ልጅ?»

«አባትሽ የሚዘፍንላት።»

ቆምኩ። እሷ አልቆመችም፤ ተከተልኳት።

«ማን ነገረሽ?»

«ከወዲያ የሚመጡት ሁሉ ነግረውኛል። 'ሊጠራችሁ ነው' የሚለውን ላንቺ እንዲሉልሽ የለመንኳቸው እኔ ነኝ። ትምህርትሽን እስክትጨርሺ ብዬ ነበር። ከዚያ ደግሞ ለመናገር ቀን አጣሁለት። ዛሬ መድረኩ ላይ ስታለቅሺ ግን አንቺም እንደሰማሽ ገባኝ።»

እኔ እሷን ልከልል ስደብቅ፣ እሷ እኔን ልትከልል ስትደብቅ ነው የኖርነው፤ አንተ ሐይቅ ዳር ተቀምጠህ ስትዘፍን። ሽማግሌው ለምን እንዳቀረቀረም ያኔ ገባኝ። አምባው ሁሉ ያውቃል። አንድም ሰው ለኔ ጨክኖ እውነቱን አልነገረኝም፤ ስለ ጨረቃ ግን ሁሉም ገሠጸኝ።

«ለምን ዘፈንሽው ታዲያ?» አልኳት። «የሱን ዘፈን?»

«የሱ ብቻ መሰለሽ እንዴ?» አለች። «መጀመሪያዋን መስመር ከናቴ የሰማኋት እኔ ነኝ። እናቴ ደግሞ ከማን እንደሰማቻት እንጃ። አባትሽ ሁለተኛዋን ጨመረባት። መኪናው ላይ እኔም ነበርኩ እኮ፣ ሸዋዬ። አንቺ ብቻ አልነበርሽም።»

እማዬን በዚያ መኪና ላይ ያስታወስኳት ያን ጊዜ ነው።

አባባ፣ አሁን የምልህን ልበልህ። በመጪው ወር ቡድናችን ግልገል በለስ ይሄዳል። ምንያህል ራሱ መጥቶ ይቅርታ ጠይቆኛል፤ እዚያ ቃሉን ሙሉ እዘፍነዋለሁ፤ ቢያባርሩኝም ያባርሩኝ። ያንተንም መስመር ተቀይሜህ ከዘፈኑ አላወጣትም። ግማሹ ያንተ ነው፤ ያንተን ለማንም ያንተ አይደለም አልልም። ለትንሿ መዝፈንህንም አልከለክልህም፤ ዘፈን በኮሚቴ ሲከለከል አይቼዋለሁ፣ እኔ እንደነሱ አልሆንም። እንዲያውም ስታድግ የኔንም ጨምረህ ንገራት፤ እህት እንዳላት ከዚያ ትጀምር። አንድ ነገር ብቻ እለምንሃለሁ። «ላንቺ ነው የሠራሁት» አትበላት። አንድ ቀን እንደኔ ሽማግሌዎች ፊት ቆማ ትለዋለች።

ስሟንም ጻፍልኝ። እማዬ ጠይቃለች፤ እኔ የምነግራት አጣሁ።

እማዬ አሁን አጠገቤ ተቀምጣ ዘር ትለቅማለች። ለአባባ ምን ልጻፍለት አልኳት። «ደህና ነን በይው» አለች። ጻፍኩት። «ሌላስ?» አልኳት። ቀና ብላ ብዕሬን ለትንሽ ጊዜ አየችው።

«ጣቱን ብርድ ሲመጣ ያመው ነበር። እንዴት አደረገው በይልኝ» አለች። ከዚያ ወዲያው፣ «ተይው፣ አትጻፊው» አለችኝና ዘሯን ይዛ ወደ ጓዳ ገባች።

እግዚአብሔር ጤናህን ይስጥህ፤ ቤትህንም ከነሰዎቹ ይጠብቅልህ።

ልጅህ
ሸዋሉል አበጀ